ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሸት ማስክ

ማርች 13፣ ዓርብ

እማዬ ያለችበት የአረጋውያን ማረፊያ ተዘጋ። እንደ ወትሮው ምሳዋን ላበላት ሾርባዬን ይዤ ብሄድ የበሩ መስታወት ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በቫይረሱ ምክንያት ጠያቂ አይገባም ይላል። እዚያው ቆሜ ደወልኩና እስከ መቼ ነው አልኳቸው። እስክንነግርዎት ድረስ አሉኝ። ሾርባውን መልሼ አመጣሁት፤ ባሌ ዌይን በላው።

«ጨው የለውም» አለኝ።

«ለአንተ አልተሠራማ።»

ማርች 16፣ ሰኞ

ታሚ ደወለች። እማዬ ባለችበት ክፍል የምትሠራ አስታማሚ ናት፤ ጸጉሯን ወይን ጠጅ የቀባች፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ። ደግ ልጅ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። ብቻ የዘጠና ሦስት ዓመት ሴትዮ «የኔ ማር» እያለች ትጠራለች። እናቴ ኢምፒ ሂልቱነን የማንም ማር ሆና አታውቅም። አባቴ እንኳ ዕድሜ ልኩን በስሟ ነው የጠራት።

ከዛሬ ጀምሮ የምታበላት ታሚ ናት። በቀኝ በኩል ቁጭ በይ፣ ቀስ እያልሽ አብያት፣ አትቸኩዪ አልኳት። «አውቃለሁ ወይዘሮ ሎርና» አለችኝ። እንዴት ልታውቅ እንደቻለች እንጃ። እማዬ እዚያ ከገባች ጀምሮ ምሳዋን ያበላኋት እኔ ነኝ።

እማዬ ስሜን መጥራት ካቆመች ቆይታለች። ከገና በፊት ነው። እጄን ግን ታውቀዋለች፤ ማንኪያው ሲመጣ አፏን ትከፍታለች።

ማርች 22፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን የለም። ቄሱ በስልክ ሰበኩ፤ ግማሹ አልተሰማም።

ከሰዓት በኋላ ካሮል ኒኤሚ ደወለች። ካሮል የቤተ ክርስቲያናችን የልብስ ሰፊ ሴቶች ማኅበር አለቃ ናት፤ ሥራ አትለምንም፣ ታከፋፍላለች። «ማረፊያው ማስክ አልቆበታል» አለች። «ለሠራተኛው አንዳንድ ሰጥተው ሳምንት አድርጉበት ብለዋቸዋል። ጨርቅ ደግሞ አንቺ ዘንድ አለ።»

ጨርቅስ አለ። ማኅበራችን ለስደተኛ የሚላክ ብርድ ልብስ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰፋል፤ እንዲህ ያለች ሰፊ ደግሞ ከምትሰፋው የምታከማቸው ይበልጣል። ቁም ሳጥኑን ስከፍተው ዌይን ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ይህን ሁሉ ሰፍተሽ ጨርሰሽ ልትሞቺ ነበር ያሰብሽው?»

«ሳልጨርስ አልሞትም ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ዘላለማዊ ነሽ» ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ።

ዳክዬዎች ያሉበትን ሰማያዊውን አወጣሁ፤ ደስ የሚል ነው። እኔን ቢከለክሉኝ የእጄን ሥራ አይከለክሉም።

ማርች 25፣ ረቡዕ

ድርብ ጥጥ፣ ሦስት ሽንሽን፣ አፍንጫው ላይ ሽቦ። ካውያ። እንደገና ካውያ። መርፌ ሰበርኩ። ወገቤ።

ማርች 28፣ ቅዳሜ

ላስቲክ ከከተማው ጠፋ። ከሱቅም፣ ከካሮል መሳቢያም። ከአሮጌ አንሶላ ጠርዝ ላይ ፈትቼ ሞከርኩ፤ ደክሟል፣ አይመለስም። ካሮል ካናቴራ በቀጭኑ ተቆርጦ ሲሳብ ይጠቀለልና ጥሩ ማሰሪያ ይወጣዋል ብላለች። የዌይንን መሳቢያ ከፈትኩ።

«ይቺን አትነኪያትም» አለኝ፤ የበረዶ ሞተር ውድድር ካናቴራውን ደረቱ ላይ አቅፎ። «ይቺን ለብሼ ነው ሦስተኛ የወጣሁት።»

«ስንት ነበራችሁ?»

«አራት። ቢሆንስ?»

ተወያይተን ጀርባውን ብቻ ቆረጥኩለት። ደረቱን ለግድግዳ ይሁነኝ ብሏል።

ማታ እንፋሎት መታጠቢያችን ሳውና ገባን። ዓለም ቢዘጋ ቅዳሜ አይዘጋም። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን የእንጨት ሳውና የሠራት አባቴ ነው፤ ወጉን አያቶቻችን ከፊንላንድ ይዘውት መጡ። ቅዳሜ እሳት ይነዳል፣ ሴቶች ቀድመው ይገባሉ፣ ወንዶች ይከተላሉ፣ ከዚያ ሁሉም ታጥቦ ቀልቶ ማዕድ ይቀርባል። በልጅነቴ የሳውናው አዛዥ እማዬ ነበረች። እሳቱ ሳይሰክን የጭስ ማውጫውን መዝጊያ የነካ ልጅ እጁን ይመታ ነበር። ልጅ የምለው ያው እኔን ነው። ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዬ ሁሌ እቸኩል ነበር።

ኤፕሪል 2፣ ሐሙስ

በመስኮት ማየት ተፈቀደ። በረዶው ገና ጉልበት ድረስ ነው፤ ግድግዳው ሥር ቆሜ አየሁ።

ታሚ ትሪ ይዛ ገባች። ፊቷ ላይ ዳክዬዎቹ። ደስ አለኝ፤ ሽንሽኑን ካለሁበት ለየሁት፣ አንዱም አልተዛነፈም። ማንኪያውን ስታቀርብላት እማዬ ፊቷን አዞረች። ደግማ ስታቀርብ እጇን መታቻት። ሾርባው አልጋው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ እማዬ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበችና ዓይኗን አፍጥጣ ታሚን ታያት ጀመር፤ ሌሊት ቤቱ የገባ ሰው እንደሚታይ አድርጋ።

ማታ ታሚ ደወለች። «‹አፋችሁን ለምን ሸፈናችሁ፣ ልትዘርፉኝ ነው ወይ› ትላለች። እኔን ብቻ አይደለም ወይዘሮ ሎርና፣ ከማንም አትቀበልም። ማታ ማታ ትንሽ ወተት ነው የምትጠጣልን።»

ምናልባት ቸኩለሽ ይሆናል አልኳት። እንዲህ ማለት አይገባኝም ነበር።

እማዬን የሚያስፈራት ማስኩ ነው። ማስኩን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ካልሰፋሁ ደግሞ በሽታው በዚያው አፍ ይገባባታል። ወደዚህም ወደዚያም መሄጃ የለኝም። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እስክተኛ ሰፋሁ።

ኤፕሪል 8፣ ረቡዕ

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእማዬ አሮጌ ሽርጥ እኔ ዘንድ ነበር፤ ቀይ ቼሪ ያለበት፣ ስትጋግር የምትለብሰው። እሱን ቆርጬ ለታሚ ብቻ ሰፋሁላት። እማዬ ካየችው ቤቷ ያለች ይመስላታል ብዬ ነው። ስቆርጠው እጄ ከብዶኝ ነበር፤ ለሷ አይደለም እንዴ ብዬ ጨከንኩ።

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

እማዬ ማስኩን ከታሚ ፊት ላይ ነጥቃ ትራስዋ ሥር ከተተችው። «ሽርጤን ሰርቃ፣ አፏ ላይ አስራ፣ ምግብ ታቀርብልኛለች» ብላ ለኮሪደሩ ሁሉ ተናገረች አሉ።

ታሚ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልሳቅሁም።

ኤፕሪል 12፣ ፋሲካ

በረዶ ጣለ። በመስኮት አየኋት። ተኝታለች። ፊቷ አንሷል።

ኤፕሪል 14፣ ማክሰኞ

የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ደወለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ የተናገረች ሰው ድምፅ። እማዬ እየከሳች ነው። በግድ አናበላም። እንዲህ ከቀጠለ ቤተሰቡ ምን ይፈልጋል፣ ሆስፒታል ትሂድ ወይስ እዚሁ በሰላም ትቆይ?

«እኔ ገብቼ ላብላት» አልኳት። «ከእግር እስከ ራሴ ሸፍኑኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ሁሉም ልጅ እንደዚያ ነው የሚለኝ» አለችኝ። «አንዱን ካስገባሁ ማንን እከለክላለሁ?»

መልሼ እደውላለሁ አልኳት። ለዌይን ስነግረው ሳህኖቹን አጠበ። ዌይን ሳህን የሚያጥበው ሰው ሲሞት ነው። ተወው፣ ገና አልሞተችም አልኩት። አጥቦ ጨረሰ።

ኤፕሪል 18፣ ቅዳሜ

የማይረባ ቀን። ካሮል ለማረፊያው ትልቅ ክምር ማስክ ለነገ ጠዋት አዛለች፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በከረጢት ታሽጎ። አጥቤ ማድረቂያው ውስጥ ብከተው አንድ ጊዜ አጓርቶ ቆመ። የሚጠግን ሰው የለም፣ ሁሉም ዝግ ነው። ውጭ በረዶ።

«ሳውናው አለ አይደል?» አለ ዌይን። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። እኛ ከምንገባ እነሱ ይግቡ።»

ክር ወጥረን፣ ስንታጠብ ገላችንን የምንመታባቸው የደረቁ የበርች ቅጠል እስሮች በተሰቀሉበት በኩል ማስኮቹን ሁሉ ሰቀልን። ዌይን እሳቱን አነደደና እንጨት ሊያመጣ ወጣ፤ እኔም ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ። ስንመለስ ሳውናው በጭስ ታፍኗል። የጭስ ማውጫው ተዘግቷል። ማን እንደዘጋው አልታወቀም። ዌይን «እዚህ ቤት ያለነው ሁለት ነን፣ እኔ ደግሞ እንጨት ተሸክሜ ነበር» ይላል። እኔ መዝጋቴን አላስታውስም።

በሩን ከፍተን አናፈስን። ማስኮቹ ደርቀዋል፣ አንዱም አልጠቆረም። ሽታቸው ግን እንደ ተጠበሰ ዓሣ። ጠዋት ተነስቼ መልሼ አጥባቸዋለሁ፤ ዛሬ አቅም የለኝም።

ኤፕሪል 19፣ እሑድ

ተኝቼ ሳለሁ ዌይን ከረጢቱን ለታሚ ሰጣት። ወደ ሥራ ስትሄድ በኛ በኩል ነው የምታልፈው፤ በረንዳው ላይ አገኛትና «እንኪ» ብሎ አስረከባት።

«ይሸታል አላልኩህም?»

«ይሸታል አልሽኝ፣ አትስጥ አላልሽኝም።»

ቀትር ላይ ካሮል ደወለች። «ሎርና፣ ማስኩን የሰፋሽው ነው ወይስ እንደ ዓሣ ያጠመድሽው?» ነርሶቹ እየሳቁ ነው አለች። አንዷ አስም ያለባት ጭራሽ አልነካም ብላለች፤ አልተሳሳተችም። ካሮል ነገሩን ለማኅበሩ ሁሉ ሳታዳርስ እንደማትውል አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰፍቼ በጭስ ልታወቅ ነው።

ለነርሷም እስካሁን አልደወልኩም። ሆስፒታል ወይስ እዚሁ። እንዴት ነው ይህን የሚመልሱት?

ኤፕሪል 20፣ ሰኞ

ረጅም እጽፋለሁ፤ እንደሰማሁት ሳይጠፋብኝ።

ታሚ የደወለችው ከመኪናዋ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። «ወይዘሮ ሎርና፣ ቁጭ ብለዋል?» አለችኝ። ቁጭ አልኩ።

ትናንት ሌላ ንጹሕ ስለሌለ ያንን የሚጤሰውን ማስክ አድርጋ ገባች። እማዬ እንደ ሁልጊዜው ፊቷን አዞረች። ታሚ ትራሱን ልታስተካክልላት ጎንበስ ስትል እማዬ አሸተተች። ቀና አለች። ደግማ አሸተተች።

«ሳውናው ነደደ እንዴ?» አለች።

ታሚ ምን እንደምትመልስ አላወቀችም። አዎ ብትል ይሻላል ብላ «አዎ የኔ ማር፣ ነዷል» አለቻት።

«ወንዶቹ ወጡ?»

«ወጥተዋል።»

እማዬ ትንሽ አሰበችና ቆጣ አለች። «መዝጊያውን ቶሎ ዘግተውታል። ጭሱ ይሸተኛል። ሎርና ናት። ያቺ ልጅ መቼም አትታገስም።»

ሎርና ናት።

ከዚያ ከሳውና በኋላ ይበላ የለ፣ ምግብ የታለ ብላ ጠየቀች። ታሚ ሾርባውን አቀረበችላት። አፏን ከፈተች። ሳህኑን ጨረሰች። ሄል ያለበትን ጣፋጭ ዳቦም ቡና ውስጥ እየነከረች በላች። ዛሬም ጠዋትም ቀንም በልታለች፤ እማዬ ዘንድ ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ መጣ ማለት ነው።

ከዌይን ፊት አለቀስኩ። «ሳይደግስ አይጣላም» አለና ትከሻዬን ይዞ ቆየ። ከዚያ ደግሞ አላስቻለውም። «እንግዲህ መዝጊያውን ማን እንደዘጋው ታወቀ» አለ።

የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ለነርሷ ደወልኩ። እዚሁ ትቆይ፣ እየበላች ነው አልኳት። ሰምቻለሁ አለችኝ፤ ድምፅዋ ላይ ፈገግታ ነበር።

ኤፕሪል 29፣ ረቡዕ

ማድረቂያው ተጠግኗል። የሌሎቹ ማስክ እዚያ ይደርቃል፣ ምንም አይሸትም። የታሚን ግን ለብቻ ሳውና ውስጥ እሰቅላለሁ። እሳቱ ሊሰክን ትንሽ ሲቀረው መዝጊያውን እዘጋለሁ፣ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። እማዬ ብታየኝ እጄን ትመታኝ ነበር።

ታሚን ማስኩ ያስቸግርሽ እንደሆነ ንገሪኝ አልኳት። «ባሌ ከሥራ ስመለስ ከአደን የመጣሁ ይመስለዋል» አለችኝ። ሳቋ ያን ያህል አይጮኽም፤ ኮሪደሩ ነው የሚያጎላው።

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

የወረቀት ማስክ በካርቶን በካርቶን ለማረፊያው ደረሰ። ካሮል እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ደወለች። የጨርቅ ማስክ ከሰኞ ጀምሮ ለሠራተኛ አይፈቀድም፤ የወረቀቱ ይሻላል፣ ይጠብቃቸዋል። ትክክል ነው። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ከዚያ ሳውናው ደፍ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሜይ 11፣ ሰኞ

እማዬ ቁርስ አልበላችም። ምሳም።

ሜይ 12፣ ማክሰኞ

ለኃላፊዋ ነርስ ደወልኩ። ልለምናት ነበር፤ ቃላቱን ሁሉ አሰናድቼ። አላስፈለገኝም።

«ታሚ ነግራኛለች» አለችኝ። «ከሥር የወረቀቱ ይሁን። እሱ ሥርዓቱን ጠብቆ እስከተደረገ ድረስ ከላይ የሚደረበውን እኔ አላየሁም። እናቴ የዚሁ አገር ሰው ናት ወይዘሮ ሎርና። የቅዳሜን ሽታ አውቀዋለሁ።»

ማታ ታሚ ደወለች። በልታለች። ታሚ በሁለት ማስክ ውስጥ ሆና ነው የምትሠራው፤ ላቧ እስከ አንገቷ ይወርዳል። ይህቺን ልጅ ስንት ነገር ብያታለሁ፣ እዚሁ ገጽ ላይ።

ሜይ 27፣ ረቡዕ

በረዶው የለም፣ ትንኙ መጥቷል። ፊቴን እየጠፈጠፍኩ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጉንጯ ሞልቷል። እጄን አነሳሁላት። አየችኝ፤ ሰው ጎረቤቱን ሰላም እንደሚል እጇን አነሳችልኝ፣ በትሕትና። ከዚያ ወደ ታሚ ዞራ አንድ ነገር አለቻት። ድምፁ አይሰማም፤ ከንፈሯን ግን አየሁ።

ታሚ ከክፍሉ ወጥታ በኮሪደሩ መስኮት እየተያየን ደወለችልኝ። ወዲያው ወደ ነገሩ አልገባችም። ስለ ቁርሱ ነገረችኝ፣ ስለ እማዬ ጸጉር መታጠብ ነገረችኝ።

«አይቻለሁ ታሚ» አልኳት።

«እንዳይቀየሙኝ ወይዘሮ ሎርና። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ነው። ሳውና ሳውና ስለምሸት ይመስለኛል። ‹ሎርና› ትለኛለች። አይደለሁም ልበላት ብዬ ነበር፤ ደስ ብሏት ስትጠራኝ ጊዜ አፌ ተያዘ።»

ትንኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አበስኩት።

«አይደለሁም እንዳትያት» አልኳት። «ሎርና ስትልሽ አቤት እማዬ በያት።»

«የኔ ማር ማለቱንስ ልተወው? እርስዎ እንደማይወዱት አውቃለሁ።»

ይህን እንዴት እንዳወቀች እንጃ፤ ነግሬያት አላውቅም። እማዬን በመስታወቱ አየኋት። አንገቷን ወደ በሩ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ሎርና እስክትመለስ።

«በያት» አልኳት። «እኔ ብያት አላውቅም።»

ቤት ስደርስ ዌይን ሳውናውን አንድዶታል። ዛሬ ረቡዕ ነው።